ሰርተፊኬቱን አየነው፣ አሁን ኮዱን አሳዪን

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም። ከመገናኛ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ግን ጢም ብላ ሞልታለች። በሯ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ስካን፣ ላሚኔሽን፣ ኦንላይን ምዝገባ» ይላል። ውጭ ረዳቶቹ «አያት! ሲኤምሲ! ገርጂ ጃክሮስ!» እያሉ ይጣራሉ። ውስጥ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ ደንበኞቹ የሚልኩለትን ፋይል እያወረደ ያትማል። ፋይል በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው እየቀረ ነው።

ተራዋ የደረሰ ወጣት ሦስት ፋይል ላከች፦ የዲግሪዋን ቴምፖራሪ፣ የመውጫ ፈተና ውጤቷን፣ የ«ኮደርስ» ሰርተፊኬቷን።

«ሁሉም ከለር ይሁን?»

«ኮደርሱ ብቻ። ሌላው ብላክ ይሁን።»

«ላሚኔት ላድርገው እህቴ?»

ትንሽ አሰበችና «አድርገው» አለችው።

ዲግሪን ላሚኔት ማድረግ አይመከርም፤ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዋናው ጋር ይመሳከራል። ሰርተፊኬቱ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ማሽኑ ሞቅ ያለውን ፕላስቲክ ሲተፋው፣ ሰርተፊኬቱ እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት የተቀመጠው ሊንክ ከነሙሉ አድራሻው በደማቅ ቀለም ወጥቷል። ስክሪን ላይ ቢሆን አንድ ጊዜ ነክቶ ማረጋገጥ ይቻል ነበር። ፕላስቲክ ውስጥ ያለውን ረጅም አድራሻ ፊደል በፊደል ቆጥሮ የሚጽፍ የሰው ኃይል ሠራተኛ ካለ ግን ትዕግሥቱ የሚደነቅ ነው።

ወረቀቷ የመጣችው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» ከተባለው ኢኒሼቲቭ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም በይፋ ያስጀመሩት ሲሆን፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የሚካሄድ ነው። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2026፣ አምስት ሚሊዮን ሰው በኢንተርኔት እንዲሠለጥን ነው። ትምህርቱ በነጻ ይሰጣል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታውያን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ የዳታ ሳይንስ መግቢያ፣ በኋላ ደግሞ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መግቢያ ተጨምሮበታል። ከዚያ ወዲህ የክልልና የከተማ ቢሮዎች ስንት ሰው እንደተመዘገበ፣ ስንቱ ሰርተፊኬት እንደያዘ ከሌላው የሥራ ክንውናቸው ጋር ሪፖርት ማቅረብ ይዘዋል። ተማሪውም መምህሩም የመንግሥት ሠራተኛውም ይመዝገብ ተብሏል።

ሐሳቡ የተወለደው ዱባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዱባዩ ገዥ ሼህ ሙሐመድ ቢን ራሺድ «አንድ ሚሊዮን ዓረብ ኮደርስ» የሚል ፕሮግራም አስጀመሩ። ተመሳሳዩ በኋላ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ኡዝቤኪስታን ተሻገረ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ አምስት እጥፍ ሆነ። የዓረቡ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ሲጠናቀቅ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት የወሰደው መሐሙድ ሻሁድ የተባለ ሶሪያዊ ነበር። ሰርተፊኬት የያዘው ሰው ብዙ ሆኖ ሳለ፣ እሱን ከሁሉም የለየው ሠርቶ ያቀረበው «ሃቢት 360» የተባለው መተግበሪያ ነው። ሰርተፊኬቱ ለቀጣሪ ምን ይነግረዋል ለሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዱባይ የሚገኘው ትልቁ ፍንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ሽልማቱን የሰጡት ሰዎች ራሳቸው ያዩት ሥራውን ነው።

የኮደርስ ትምህርት የሚሰጥበት የኢንተርኔት መድረክ ዩዳሲቲም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 መኸር ላይ የስታንፎርዱ ሰባስቲያን ትረን ከፒተር ኖርቪግ ጋር ሆኖ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርሱን በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ 160 ሺህ የሚሆን ሰው ተመዘገበ። ዩዳሲቲ የተመሠረተው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ትረን ራሱ ምርታችን ደካማ ነው ብሎ ለጋዜጠኛ ተናገረ፤ ተመዝጋቢው ብዙ፣ ጨራሹ ጥቂት ሆኖበት ነበር። ድርጅቱ ፊቱን ወደ ሥራ ክህሎት ሥልጠና አዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አክሴንቸር ገዛው።

አሁን ወደ ቀጣሪው እንሂድ።

ድሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ የሥራ ፈላጊ ሁሉ ወግ ነበር። ማመልከት የራሱ ወጪ ነበረው፦ የታክሲ፣ የፎቶ ኮፒ፣ ከጥበቃው ጋር የመከራከሪያ ጉልበት። ዛሬ ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ማመልከቻውም በስልክ በአንድ ደቂቃ ይላካል። ሥራ ፈላጊው ወጪው ቀለለት፤ ቀጣሪው ግን ሁለት ሰው ፈልጎ ያወጣው ማስታወቂያ በመቶዎች የሚቆጠር ሲቪ ይዞበት ይመጣል። ማንን ይጥራ? ማጣሪያ የሚያስፈልገው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። እንዳለመታደል ሆኖ ሰርተፊኬቱም የረከሰው በዚሁ ሰዓት ነው።

ይህን ነገር የምጣኔ ሀብት ሰዎች ከ50 ዓመት በፊት አስልተውታል። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ የጠየቀው፣ ቀጣሪ የማያውቀውን ሰው ችሎታ በምን ያውቃል የሚል ነው። መልሱ ባጭሩ፦ ምልክት የሚሠራው ችሎታ ለሌለው ሰው ለማግኘት ከባድ ሲሆን ብቻ ነው። ሰነፉም ጎበዙም እኩል የሚያገኙት ወረቀት ቀጣሪውን ምንም አይነግረውም። ስፔንስ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከጆርጅ አከርሎፍና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

እንግዲህ የኦንላይን ኮዲንግ ሰርተፊኬት ችሎታ ለሌለው ሰው ምን ያህል ይከብዳል? ቪዲዮውን አይቶ፣ የምርጫ ጥያቄውን እስኪያልፍ ደጋግሞ፣ ልምምዱን ከጓደኛ ወስዶ መጨረስ ይቻላል። ፈታኝ የለም፤ መታወቂያ አይታይም። ከቻትጂፒቲ ወዲህማ ጓደኛም አያስፈልግም። ይህን ስል የሠለጠነው ሁሉ አጭበርብሯል ማለቴ አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ፣ መብራት ሲመጣ ጠብቆ በላቡ የጨረሰ ብዙ አለ። የእሱ ችግር ወረቀቱ ካልለፋው ሰው ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ሰርተፊኬቱን ብቻ ነጥሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ዲግሪውም እምነት ካጣ ቆይቷል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ 150,184 ተማሪ ተፈትኖ ያለፈው 61,054 ነበር፤ 40.65 በመቶ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37 በመቶ ሲያልፍ፣ ከግል ተቋማት ያለፈው 17.2 በመቶ ብቻ ነው። እነዚህ ሁሉ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ተምረው፣ ተቋማቸው ለመመረቅ ብቁ ናችሁ ያላቸው ተማሪዎች ናቸው። ቀጣሪው ያን ውጤት በዜና ሰምቷል። የአራት ዓመቱን ምስክርነት የተጠራጠረ ሰው የጥቂት ሳምንቱን ያምናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በመገናኛና በቦሌ መካከል ካሉት ትንንሽ ሶፍትዌር ቤቶች በአንዱ፣ ለአመልካቾች የሚሰጠውን ፈተና ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ጥግ ላይ የቡና ጀበና፣ መስኮቱ ሥር የባቡሩ ሐዲድ። የድርጅቱ ባለቤት ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ራሱ አሁንም ኮድ የሚጽፍ ሰው ነው። የመጣውን ልጅ ሰርተፊኬት ተቀብሎ አየው፤ «ጥሩ» አለና ገጹን ወደ ታች ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ንቀት አልነበረበትም። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ልጁ አዞረለት።

ላፕቶፑ ላይ የአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት የደንበኞች ዝርዝር የሚመስል የኤክሴል ፋይል አለ፦ ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን። ዝርዝሩ ውስጥ አንዳንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል። ጥያቄው አንድ ነው፤ እነዚህን ሰዎች የሚያገኝ ፕሮግራም ጻፍ። ጊዜው 45 ደቂቃ። ኢንተርኔት መክፈት ይፈቀዳል፣ ጥያቄ መጠየቅም ይፈቀዳል።

ቀላል ይመስላል። ልጁም የስልኩን ዓምድ አይቶ «አንድ ዓይነት ስልክ ያላቸውን ማውጣት ነው» ብሎ ጀመረ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ኮዱ ሠራ፤ ያገኘው ግን በጣም ጥቂት ሰው ነው። ምክንያቱም አንዱ ስልክ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ+251፣ ሌላው መደመሪያ ምልክቱን ትቶ በ251፣ አንዳንዱ ደግሞ በቀጥታ በ9። የመጨረሻውን ያመጣው ኤክሴል ነው፤ ቁጥር መስሎት ፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል። ልጁ ይህን ሲያይ ፈገግ አለና በ9 የሚጀምሩትን ሁሉ ወደ አንድ መልክ አመጣቸው። በ07 የሚጀምሩት ግን ቀሩ። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ አገልግሎት የጀመረው መስከረም 2015 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ስንትና ስንት ኮድ የኢትዮጵያ ሞባይል ሁሉ በ09 ይጀምራል ብሎ አምኖ ዛሬም ይሠራል። ሰውየው እንደነገረኝ፣ ደንበኛ «ሲስተሙ ስልኬን አልቀበል አለ» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

ከዚያ ስሙ መጣ። አንዷ ደንበኛ በአንድ መስመር «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሐይ»፣ በሦስተኛው «ፀሀይ» ተብላ ተመዝግባለች። ለእኔና ለእርስዎ አንድ ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሴቶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፦ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736፤ ጸ 4920፣ ፀ 4928። ማሽኑ የሚያነጻጽረው ቁጥሩን እንጂ ድምፁን አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ከማነጻጸሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት አለበት። «ገ/ማርያም» እና «ገብረማርያም» ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። እዝባርዋን ቆርጠህ ብታወጣት የሚቀርህ «ገማርያም» ነው፤ እንደዚያ ተብሎ የሚጠራ ሰው አላውቅም።

የትውልድ ቀኑ የባሰ ነው። ግማሹ በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ ተሞልቷል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አልተጻፈም። የትውልድ ዓመቱ በሰባት ስምንት ዓመት ተለያይቶ የተጻፈ ሰው፣ አንድ ሰው መሆኑን በምን ታውቃለህ? አንድ መስመር ላይ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው አለ። በአብዛኞቹ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ውስጥ የተገጠመው የቀን መቁጠሪያ 13ኛ ወር ሲሰጡት ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነውም በየአራት ዓመቱ ነው፤ 2015 ላይ ነበረች፣ 2016 ላይ አልነበረችም። ልጁ ይህን መስመር ሰረዘው። ሰውየው ዝም ብሎ አየ፣ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

በኋላ ስጠይቀው የነገረኝ ይህንን ነው። መሰረዙ አላስከፋውም፤ ያስከፋው ሳይጠይቅ መሰረዙ ነው። ቀደም ብላ የተፈተነች አንዲት ልጅ ኮዷ ሳያልቅ ጊዜው አለቀባት። ግን በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ቀና ብላ «ስልካቸው አንድ ሆኖ ስማቸው የተለያየ ሰዎች አሉ፤ ባልና ሚስት ቢሆኑስ? እነሱን እንደ አንድ ሰው ልቁጠራቸው?» አለችው። በአንድ ስልክ የሚገለገል ቤተሰብ አገሩን ሞልቶታል። የቀጠራት እሷን ነው።

ይህ ፈተና ከሰርተፊኬቱ ትምህርት የራቀ አይደለም። ተለዋዋጭ፣ ዝርዝር፣ ሉፕ፣ ቅድመ ሁኔታ፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፣ ይህን ደግሞ ኮርሱ ያስተምራል። ልጁ ኮርሱን በእውነት እንደተማረ በሠራው ኮድ ይታያል። ችግሩ የተዝረከረከ ዳታ አይቶ አለማወቁ ነው። ኮርሱ የሚሰጠው መልመጃ ንጹሕ፣ የተሰናዳ፣ መልሱ የታወቀ ነው፤ ለዓለም ሁሉ የተሠራ ስለሆነ ገ/ማርያምንም ጳጉሜንንም አያውቅም። ሊያውቅም አይጠበቅም። ቀጣሪው ግን የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሰርተፊኬቱ ለቀጣሪ ከንቱ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል? ቸኩሎ ካልሆነ አይቻልም። ሁለት ጥናቶች አሉ፤ አንዱ ወደ ጨለማው፣ ሌላው ወደ ብርሃኑ የሚያደላ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ ቫሊየንቴ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኢዲኤክስ ከሚሰጧቸው ኮርሶች እ.ኤ.አ. በ2017–18 የትምህርት ዓመት ከተመዘገበው ሰው ውስጥ የጨረሰው 3.13 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳዩ። ለተረጋገጠ ሰርተፊኬት ገንዘብ ከከፈሉት መካከል ግን 46 በመቶው ጨርሷል። ከዚህ ለቀጣሪ የሚተርፍ ነገር አለ፦ መጨረስ በራሱ ብርቅ ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ ሳይቀጣው፣ ለብቻው ጀምሮ የጨረሰ ሰው ስለ ኮድ ችሎታው ባይሆንም ስለ ጠባዩ ይነግርሃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ይህ የሚሠራው ሰውየው በፈቃዱ የተማረ እንደሆነ ነው። አለቃው ሪፖርት ስለሚጠብቅ የተመዘገበ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጠባይ ከሰርተፊኬቱ አይነበብም።

ሁለተኛው ጥናት የስታንፎርዷ ሱዛን ኤቲና የኤሚል ፓሊኮት ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 እስከ መጋቢት 2023 በኮርሴራ የቴክኖሎጂ ወይም የንግድ ኮርስ የጨረሱ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ አብዛኞቹ በታዳጊ አገሮች የሚኖሩና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሌላቸው ናቸው። ለአንደኛው ቡድን ሰርተፊኬታቸውን ሊንክድኢን ላይ እንዲለጥፉ ማበረታቻና ቀላል መንገድ ተሰጠ፤ ለሌላው አልተሰጠም። ከዓመት በኋላ ወደ 40 ሺህ የሚሆኑትን ገጽ ሲያዩ፣ የተበረታቱት አዲስ ሥራ አግኝቻለሁ ብለው የመጻፋቸው ዕድል 6 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ከሰርተፊኬቱ ጋር በሚገናኝ ሥራ ደግሞ 8 በመቶ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው መጀመሪያውኑ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጠባብ በነበረው ሰዎች ላይ ነው።

ይህ ግኝት መገናኛ ላይ ሲነበብ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ውጤት የተመረቀ፣ ኮዱን የሚያስቀምጥበት የጊትሀብ ገጹ በሥራ የተሞላ ልጅ ሰርተፊኬት አያስፈልገውም። ስሙ ብዙም ከማይታወቅ ኮሌጅ የወጣች፣ ወይም አካውንቲንግ ተምራ ወደ ኮድ የዞረች ልጅ ግን ያለ ሰርተፊኬቱ ሲቪዋ ሳይነበብ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ሰርተፊኬቱ ፈተናው ክፍል በር ድረስ ያደርሳታል። ስድስት በመቶ ትንሽ ናት፤ ግን ከዜሮ ትሻላለች። አንድ ነገር ብቻ አይዘንጋ፤ ያ ስድስት በመቶ የተለካው አጠገብህ ያለው ተወዳዳሪ ሁሉ ያንኑ ሰርተፊኬት ባልለጠፈበት ሁኔታ ነው። አምስት ሚሊዮን ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት ሲይዝ ስፔንስ ተመልሶ ይመጣል።

በኢንተርኔት የሚገኝ ሰርተፊኬት ሁሉ አንድ አይደለም። የሲስኮው ሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ያስከፍላል፤ ተፈታኙ መታወቂያ አሳይቶ፣ በጠባቂ ፊት ወይም በካሜራ እየታየ ይፈተናል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው መታደስ አለበት። የኔትወርክ ሰው የሚፈልግ ባንክ ሲሲኤንኤ የሚለውን ቃል ማስታወቂያው ላይ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ችግሩ ዶላሩ ነው። የኮደርስ ኢኒሼቲቭ በተጀመረ በስድስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት በባንክ ምንዛሪ 17 ሺህ ብር ገደማ የነበረው የፈተና ክፍያ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 30 ሺህ ተሻገረ። ነጻው ሰርተፊኬት በብዛት ሲታደል፣ ቀጣሪ የሚያምነው ሰርተፊኬት ደግሞ ከአዲስ ተመራቂ እጅ ጭራሽ ራቀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መግጠማቸው አጋጣሚ ነው፤ ሥራ ፈላጊው ላይ ያረፉት ግን አንድ ላይ ነው።

ሰርተፊኬትን ጨርሶ የዘለለ መንገድም አለ። የጉግል መሐንዲስ የነበረው ኤምሬ ቫሮል እ.ኤ.አ. በ2019 የመሠረተው ኤቱኤስቪ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን በፈተና እየመረጠ በነጻ ያሠለጥናል። ልጆቹ ለወራት የአልጎሪዝም ጥያቄ ሲፈቱ ውለው ያድራሉ፤ ውጤታቸውም ሁሉም በሚያየው የውድድር ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል። ጉግልና ብሉምበርግ የገቡ አሉ። ቀጣሪው እዚያ የሚያየው የምርጫውን ክብደት ነው። ለጥቂቶች ብቻ የተሠራ መንገድ መሆኑ ግን አይካድም።

እኔ የሚገርመኝ ነገር፣ መንግሥት የዚህን ችግር መፍትሔ በሌላ መሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ያሠለጠነው ኮሌጅ «ብቁ ነው» ብሎ አይጨርስም፤ ሠልጣኙ ሌላ አካል ፊት ቀርቦ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ይፈተናል። የመውጫ ፈተናውም እንዲሁ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል፣ ሚኒስቴሩ ይፈትናል። ሲኦሲ የራሱ ሐሜት አለበት፣ ይህን አልክድም። መርሁ ግን ውሃ ያነሳል። በኮደርስ ላይ ግን ያስተማረው ራሱ ይመሰክራል፤ የሚቆጠረውም ምስክር ወረቀቱ ነው። ከሰለጠኑት መካከል የሚፈልጉት ብቻ በአካል ቀርበው፣ ስልክ ዘግተው፣ እንደ ደንበኛው ዝርዝር ያለ አንድ የተዝረከረከ ሥራ ሠርተው የሚፈተኑበት አንድ ክፍል በየክልሉ ቢከፈት፣ ያለፉት ቁጥራቸው ከአምስት ሚሊዮን እጅግ ያንሳል፤ ሪፖርት ላይም አያምርም። ቀጣሪ ግን ያን ዝርዝር ፈልጎ ይመጣል።

በየክልሉ ማለቴ በምክንያት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ሆኖ ኦንላይን ኮርስ የተከታተለ ልጅ ዋይፋይ ያለው ግቢ ፍለጋ የሄደው የእግር መንገድ ሰርተፊኬቱ ላይ አይታይም። መገናኛ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እያጣጣመ የጨረሰው ልጅም ያው ሰርተፊኬት አለው።

ቀጣሪዎችንም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። «ዜሮ ዓመት» ብለው ባወጡት ማስታወቂያ ላይ የሁለት ዓመት ሰው የሚያውቀውን ዝርዝር የሚደረድሩ አሉ። ፈተና ብለው ለአንድ ሳምንት ቤት የሚሠራ ሥራ የሚሰጡ፣ ሥራውን ከተረከቡ በኋላ ስልክ የማያነሱ አሉ። ከአመልካቾች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ ይህ ነው፤ ያለ ክፍያ ሙሉ ገጽ ሠርተው አስረክበው፣ በኋላ ያችኑ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አየናት የሚሉ አጋጥመውኛል። ሰርተፊኬቱ ታማኝ ባለመሆኑ የሚወጣውን የፈተና ወጪ አሁን የሚሸከመው በአብዛኛው ሥራ ፈላጊው ነው፤ በጊዜው፣ በዳታው፣ በተስፋው። የ45 ደቂቃው ፈተና ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋ ነው።

የመገናኛው ሰውዬ ራሱ ፈተናው ዕድሜ እንደሌለው ያውቃል። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የፊደል ማስተካከሉን ኮድ በሰኮንዶች ይጽፈዋል፤ ኢንተርኔት ስለሚፈቅድ አመልካቾቹም ይጠቀሙበታል። እሱም አይከለክልም። አሁን የጨመረው ነገር፣ ኮዱ ካለቀ በኋላ አንዱን መስመር በጣቱ ያሳይና «ይህን ባጠፋው ምን ይሆናል?» ይላል። የጻፈው ሰው ይመልሳል። የገለበጠው ዝም ይላል፣ ወይም ብዙ ያወራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕጉ ይጨርሰዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሙከራ ጊዜ የፈቀደው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን 45 ቀን ነበር። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሠራተኛው ለቦታው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል። ሰውየው አዲስ ለቀጠረው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰጠው ከድርጅቱ የለቀቀ ሰው የጻፈውን፣ ማብራሪያ የሌለውን አሮጌ ኮድ ነው፤ አንብበው፣ የት እንደሚሰበር ንገረኝ ይለዋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማን ምን እንደሆነ አውቃለሁ ባይ ነው።

ሕጉ ግን ለሠራተኛውም ያንኑ መብት ሰጥቶታል፤ በሙከራ ጊዜው ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ መሄድ ይችላል። ስለ ባልና ሚስቱ የጠየቀችው ልጅ በሁለተኛው ወሯ ቦሌ ካለ ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ቀርቦላት ሄደች። ማስታወቂያው በማግስቱ ተመልሶ ቴሌግራም ላይ ወጣ፤ «ሰርተፊኬት ያለው ቢሆን ይመረጣል» የምትለው መስመር ወጥታ በቦታዋ «የጊትሀብ ሊንክ ይላክ» ገብታበታለች።